ፓፉ ቢያስተነፍስም



በእኛ አገር አስም በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚያጠነጥነው ወደ ደረት በሚገባው ነገር ላይ ነው። በውቂያ ጊዜ ከአውድማው የሚነሣው እብቅ፣ በቡሬና በወምበርማ በርበሬ ሲቀነጠስና ሲገለበጥ የሚያስነጥሰው ብናኝ፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ የሚታመቀው የምጣድ ጭስ፣ የንጋት ብርድ፣ ጉንፋን፤ ሁሉም በየተራ ይከሰሳሉ። ክሱ ሐሰት ነው አልልም። እነዚህ ነገሮች አስም ያለበትን ሰው ደረት እንደሚያስነሡበት የታወቀ ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን ከዚያ ቀጥሎ ስለሚሆነው ነው። ብናኙ ወይም ብርዱ ከገባ በኋላ የአየር ቧንቧዎቹን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ቧንቧው ይጨመቃል፤ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ሰውየው ይታፈናል። ይህን መጨመቅ ሐኪሞችም ታካሚዎችም ለረጅም ጊዜ ያዩት የነበረው እንደ ምልክት ብቻ ነው፤ ሲመጣ የሚያስጨንቅ፣ ሲለቅ ግን ምንም ሳይተው የሚሄድ ነገር አድርገው። ልከራከርለት የመጣሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ መጨመቁ ራሱ ጉዳት ያደርሳል፤ ስለዚህም ትንፋሽ መመለሱ ጉዳቱ መቆሙን አያሳይም። ይህ ከተረጋገጠ ብዙዎቻችን አስምን የምንይዝበት ልማድ፣ ማለትም ሲያፍን ፓፍ መንፋት፣ ሲለቅ መርሳት፣ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በቀን ሲታሰብ ወደ 20,000 ጊዜ ይጠጋል። በአንዱ ትንፋሽ የሚገባው አየር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። አየሩ በጉሮሮ ወርዶ፣ ለሁለት ከሚከፈለው ዋናው ቧንቧ ጀምሮ 23 ጊዜ ያህል ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ እየተከፋፈለ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩት የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ሳንባ በራሱ አይነፋም፤ ከሥሩ ያለው ድያፍራምና የጎድን ጡንቻዎች ናቸው ስበው የሚዘረጉት። እንግዲህ ከልደት እስከ ሞት ሲዘረጋና ሲሰበሰብ የሚኖር አካል ነው። በጤና ጊዜ ለዚህ የሚያስፈልገው የግፊት ለውጥ ትንሽ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ከሚያሳርፈው ጫና አይበልጥም። ቧንቧው ሲጠብ ግን ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። አየሩ ሳይናወጥ በሚፈስበት ጠባብ ቧንቧ፣ የቧንቧው ወርድ (ዲያሜትር) በግማሽ ሲቀንስ የአየሩን መንገድ የሚከለክለው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። አስም የያዘው ሰው አንገቱንና ትከሻውን እያነሣ በሙሉ ጉልበቱ የሚስበው ለዚህ ነው። እዚያው ቧንቧው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ጡንቻው ሲጠብቅ የውስጠኛው ሽፋን ተጨማድዶ ይታጠፋል፤ በእጥፋቶቹ መካከል ያሉት ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ይጫጫናሉ። በዚያች ቀጭን ሽፋን ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

ኃይል ብቻውን ሳንባን ሊያቆስል እንደሚችል ዓለም የተማረው ከአስም ሳይሆን ከትንፋሽ ማሽን ነው። ነገሩን ከዚያ መጀመር ስለሚያዋጣ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የጥናት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለ ታማሚዎች ታፍነው ሲያልቁ፣ ብዮርን ኢብሰን የተባሉ ሐኪም በጉሮሯቸው ላይ ቀዳዳ አስከፍተው፣ ቱቦ አስገብተው፣ በጎማ ከረጢት አየር በእጅ እንዲነፋላቸው አደረጉ። ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች እየተፈራረቁ ሌት ተቀን ነፉ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መነሻው ይኸው ነው። አየርን በግፊት ማስገባት ሕይወት አዳነ፤ ግፊቱ ራሱ በሳንባው ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። በ1974 ዌብና ቲየርኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጤነኛ አይጦችን በማሽን አስተነፈሱ። በ14 ሴንቲ ሜትር ውኃ ግፊት የተነፈሱት ለአንድ ሰዓት ምንም አልሆኑም። በ45 የተነፈሱት ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ ሰዓት ሳይሞላቸው ሞቱ። ጀርም የለም፣ ጭስ የለም፣ አለርጂ የለም፤ የነበረው ኃይል ብቻ ነው። በ1988 ደግሞ ድሬፉስና ባልደረቦቻቸው የአይጦቹን ደረትና ሆድ አስረው ያንኑ ከፍተኛ ግፊት ሰጡ። ደረታቸው እንዳይነፋ የታሰሩት ሳንባቸው ዳነ። ጎጂው በመለኪያው ላይ የሚነበበው የግፊት ቁጥር ሳይሆን የአካሉ ከልክ በላይ መለጠጥ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በሰው ላይ የመጣው ማስረጃ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሳንባቸው በከባድ ሕመም ውኃ የቋጠረ 861 የማሽን ታካሚዎችን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን በጊዜው እንደተለመደው በቁመት ከሚሰላ ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር በአንድ ትንፋሽ ተሰጠው፤ ሁለተኛው የዚያን ግማሽ፣ 6 ሚሊ ሊትር። ከመጀመሪያው ቡድን 39.8 በመቶው ሞቱ፤ ከሁለተኛው 31 በመቶው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከሞቱ ቁጥር ይልቅ ቁም ነገሩ ያለው በሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደማቸው ውስጥ የተሻለ ኦክስጅን የታየው ብዙ አየር በተሰጣቸው ላይ ነበር። በአልጋው ራስጌ ቆሞ መለኪያውን የሚያነብ ሐኪም እነርሱ እየዳኑ ነው ሊል ይችል ነበር። የበለጠ ሲሞቱ የነበሩት ግን እነርሱ ናቸው። የአሁኑ ትንፋሽ ጥሩ መሆኑና የሳንባው አካል ደኅና መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ቬንቲሌተር የሚለው ቃል በየቤቱ ሲነገር ሰምታችኋል፤ ወሬው ሁሉ ስንት ማሽን አለን የሚል ነበር። ማሽኑ በምን ያህል ኃይል ይነፋል የሚለው ጥያቄ ከማሽኑ ቁጥር እኩል የሕይወትና የሞት ጥያቄ መሆኑ እምብዛም አልተነገረም።

ይህ የማሽን ጣጣ ነው፣ ሰው በራሱ ጡንቻ ሲተነፍስ አይደርስም የሚል ካለ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 ማስኬሮኒና ባልደረቦቻቸው ለበጎች አተነፋፈስን የሚያበረታ መድኃኒት በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ሰጡ። በጎቹ በራሳቸው ጉልበት ያለልክ ሲተነፍሱ ቆይተው ሳንባቸው ተጎዳ። ያው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ጡንቻቸው እንዲዝልና በማሽን በልኩ እንዲተነፍሱ የተደረጉት አልተጎዱም። ስለዚህ ኃይሉ ከማሽን ይምጣ ከራስ ጡንቻ፣ ከልክ ካለፈ ያው ኃይል ነው።

በአስም ያለው ኃይል ግን ዓይነቱ ይለያል። ማሽኑ ይለጥጣል፤ የአስም ጡንቻ ይጨምቃል። ከአንዱ ተነሥቶ ሌላውን መደምደም አይቻልምና ለመጨመቁ የራሱ ማስረጃ ያስፈልጋል። የቆየው ፍንጭ ከአስከሬንና ከአክታ የመጣ ነው። በ1922 ሁበርና ኮስለር በአስም የሞቱ ሰዎችን ሳንባ መርምረው የቧንቧዎቹ ግድግዳ ወፍሮ፣ ጡንቻው ዳብሮ አገኙት። በ1962 ናይለር በአስም ታማሚዎች አክታ ውስጥ ከቧንቧው ሽፋን ተገንጥለው የወጡ የሕዋስ ቁርጥራጮችን አሳዩ። ሽፋኑ እየተላጠ እንደሚወጣ እንግዲህ ከ60 ዓመት በላይ ይታወቃል። ለዚህ ተጠያቂ የተደረገው ግን አለርጂውና እርሱ የሚያስከትለው መቆጣት ብቻ ነበር። በ2004 ቹምፐርሊንና ድራዘን ከባልደረቦቻቸው ጋር በሳህን ላይ ያደጉ የአየር ቧንቧ ሕዋሳትን በአስም ጊዜ በሚገመተው ጫና ተጫኗቸው። ሕዋሳቱ ሲጫጫኑ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጠበበ፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለው የእድገትና የጥገና መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ቦታ ስለጠበበው ተጠራቀመ፤ ሕዋሳቱም የተጎዱ ያህል ምላሽ ሰጡ። አለርጂ የሚባል ነገር በሳህኑ ውስጥ አልነበረም።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነው በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ተሠርቶ በ2011 የታተመው ጥናት ነው። ግሬንጅና ባልደረቦቻቸው ቀላል አስም ያለባቸውን 48 ፈቃደኞች በአራት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ የቤት አቧራ ውስጥ ከሚኖር ደቃቅ ተባይ የሚወጣ አለርጂ እንዲተነፍሱ ተደረጉ፤ ይህ ያስቆጣልም፣ ይጨምቃልም። ሁለተኛዎቹ ሜታኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ተነፈሱ፤ እርሱ ጡንቻውን ይጨምቃል እንጂ የአለርጂ መቆጣት አያመጣም። ሦስተኛዎቹ ጨው ያለበት ውኃ ብቻ፤ አራተኛዎቹ ደግሞ አስቀድመው በሰማያዊው ፓፍ ውስጥ ያለውን፣ ጡንቻውን የሚያላላውን ሳልቡታሞል ወስደው ከዚያ ሜታኮሊን። ይህ በሁለት ሁለት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ተደረገ፤ ከዚያም ከቧንቧቸው ላይ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታየ። አለርጂ የተነፈሱት ላይ ከሽፋኑ ሥር ያለው የጅማት ንጣፍ ወፍሯል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ግን ሜታኮሊን ብቻ የተነፈሱትም ላይ ያው ውፍረት መታየቱ ነው፤ የአለርጂ ነጭ የደም ሕዋሳት ሳይበዙባቸው። ጨው ውኃ የተሰጣቸው አልተለወጡም። ሳልቡታሞል ቀድመው ወስደው እንዳይጨመቁ የተደረጉትም አልተለወጡም። አራተኛው ቡድን ባይኖር ሜታኮሊን ራሱ በሆነ መንገድ መርዞ ይሆናል ማለት ይቻል ነበር። እነርሱም ሜታኮሊኑን ወስደዋል፤ የቀረባቸው መጨመቁ ብቻ ነው፤ ጉዳቱም አብሮ ቀረ። ለአንድ ሐሳብ ከዚህ የጠራ ፈተና ማዘጋጀት ከባድ ነው።

በ2024 ደግሞ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ጆዲ ሮዘንብላትና ባልደረቦቻቸው ነገሩ እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ጥናት አወጡ። የአየር ቧንቧ ሽፋን ሕዋሳት ሲበዙና ሲጣበቡ አንዳንዱን ወደ ውጭ ገፍተው ማስወጣት ተፈጥሯቸው ነው፤ በገበያ ቀን በሰው ብዛት በተጨናነቀ መንገድ ላይ ዳር ያለው ሰው ተገፍቶ እንደሚወጣ። በጤና ጊዜ ይህ ጠቃሚ ነው፤ የወጣው ሕዋስ ቦታ ወዲያው ይደፈናል፤ ሽፋኑም በልኩ ይኖራል። ጡንቻው በኃይል ሲጨምቅ ግን መጣበቡ ከልክ ያልፋል፤ ሕዋሳቱ በብዛት ተገፍተው ይወጣሉ፤ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አካል ለብናኝና ለጀርም ይጋለጣል፤ አክታው ይበዛል፤ መቆጣቱም በዚህ ላይ ይመጣል። ይህን በአይጦችና ከሰው በተወሰደ የሳንባ ቁራጭ ላይ አይተዋል። በዚህ ጥናት ሳልቡታሞል ከመጨመቁ በኋላ ሲሰጥ ቧንቧውን ከፈተ፤ የሕዋሳቱን መላጥ ግን አላስቀረም። ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ሕዋሳቱ መጣበባቸውን የሚያውቁበትን መስመር ሲዘጋ መላጡ በአይጦቹ ላይ ቀረ፤ የተከተለውም መቆጣት ቀነሰ። ጋዶሊኒየም ለአስም ሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ማንም ፋርማሲ ሄዶ እንዳይጠይቅ። የሚጠቅመን ጉዳቱ በየት በኩል ሊቆም እንደሚችል መጠቆሙ ነው። የ2011ዱንና የ2024ቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ ሳልቡታሞል ከመጨመቁ በፊት ሲሰጥ ጉዳቱን አስቀረ፤ ከተጨመቀ በኋላ ሲሰጥ ትንፋሽ መለሰ እንጂ ጉዳቱን አላስቀረም። አንዱ በሰው ላይ፣ ሌላው በአይጥና በሳንባ ቁራጭ ላይ የተሠራ ስለሆነ አንድ ላይ ሲነበቡ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ቢሆንም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጠቁሙት።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። ኃይል የሚያቆስል ከሆነ ሁላችንም በቀን 20,000 ጊዜ እየተነፈስን እንዴት ዳንን? እምቢልታ ነፊው፣ ዘፋኙ፣ ተራራ ላይ የሚሮጠው አትሌት እንዴት አልተጎዱም? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ኃይል ሁሉ ጎጂ አይደለም የሚል ነው። በማኅፀን ያለ ጽንስ አየር በሌለበት የመተንፈስ እንቅስቃሴ ያደርጋል፤ ያ እንቅስቃሴ ከሌለ ሳንባው በደንብ አያድግም። ጤነኛ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሲስብ የአየር ቧንቧው ጡንቻ ይላላል። በ1995 ስክሉትና ባልደረቦቻቸው ጤነኞች ሜታኮሊን ሲወስዱ ረጅም ትንፋሽ እንዳይስቡ ቢከለክሏቸው ቧንቧቸው የአስም ታማሚ ያህል ጠበበ። እንግዲህ መጠነኛ መለጠጥ መድኃኒት ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው መጠኑ ሲያልፍ፣ ዓይነቱ ከመለጠጥ ወደ መጨመቅ ሲለወጥና ድግግሞሹ የጥገናውን ጊዜ ሲቀድም ነው። አትሌቶችንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው ማለት አይቻልም፤ በ1993 በስዊድን የበረዶ ተንሸራታች ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት ለዓመታት ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በብዛት ሲስቡ በኖሩት መካከል አስም በጣም በርክቶ አግኝቷል። የደጋችን ሯጭ በረዶ ላይ አይሮጥም፤ ስለዚህ ለልጆቻችሁ አትሩጡ በሏቸው ማለቴ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው። ዋናው ጠላት ጭሱና ብናኙ እያለ ስለ ጡንቻ መጨመቅ ማውራት ሰውን ከጉዳዩ ያስወጣል የሚል ነው። የጭሱን ነገር እኔም አልክድም፤ በጭስ የሚጎዳ ሳንባ ብዙ ነው። ነገር ግን በጭስ ብቻ የሚያበቃ ማብራሪያ በራሳችን አገር ማስረጃ ፊት ሲቸገር እናያለን። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር በ1997 የታተመው ትልቅ ጥናት አስምን በከተማው አብዝቶ፣ የማገዶ ጭስ በማይጠፋበት ገጠር አሳንሶ ነው ያገኘው። እዚሁ ጎጃም ውስጥ በሜጫ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ከአምስት ሺህ በላይ ሕፃናት ባሉባቸው ቤቶች ላይ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሞክሮ፣ በሕፃናቱ የሳንባ ምች ላይ የሚለካ ቅናሽ አላገኘም። ከዚህ ተነሥቶ ጭስ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው፤ ምድጃው ጭሱን የቀነሰው ለሳንባው በሚበቃ መጠን ላይሆን ይችላል፤ ምችና አስምም አንድ አይደሉም። እኔ የምለው ቀላል ነው። የሚያስነሣውና የሚያቆስለው ሁልጊዜ አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። በርበሬው ጡንቻውን ያስነሣል፤ ጡንቻው ሽፋኑን ያቆስላል፤ የቆሰለው ሽፋን ለሚቀጥለው በርበሬ ይበልጥ ይጋለጣል። ዙሩ እንዲህ ከሆነ፣ ብናኙን ከሥሩ ማጥፋት የማይችል ገበሬ ወይም የበርበሬ ነጋዴ ቢያንስ መካከለኛውን ቦታ፣ መጨመቁን፣ መቁረጥ ይችላል። ለእርሱ ይህ ሐሳብ ከጭስ ክርክሩ የበለጠ ተስፋ አለው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከእናንተ መካከል ብዙው አሁን እያሰበው ያለ ይመስለኛል፦ መጨመቁ ነው የሚጎዳው ካልክ ሰማያዊው ፓፍ ይበቃል ማለት ነው፤ እርሱ አይደል የሚከፍተው? አይበቃም። ሳልቡታሞል ጡንቻውን የሚያላላው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚነፋው ከታፈነ በኋላ ነው፤ ማለትም ሽፋኑ ከተጨመቀ በኋላ። መጨመቁ ከመጀመሪያው እንዲቀንስ የሚያደርገው በየቀኑ የሚሳበው መጠነኛ ስቴሮይድ፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው። ስቴሮይድ ጡንቻውን በቀጥታ አይፈታም፤ የሚነሣበትን ምክንያት ያደክማል፤ ስለዚህ የጥቃቱን ቁጥር ይቀንሳል። ከካናዳ ሳስካችዋን ግዛት በ2000 የወጣ ጥናት በዓመቱ ውስጥ የተወሰደ እያንዳንዱ ተጨማሪ የስቴሮይድ ፓፍ ጣሳ በአስም የመሞትን ዕድል በ21 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። በስዊድን ደግሞ በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ዓይነት ጣሳ የጨረሱ ሰዎች ሞት ከፍ ብሎ አገኘ። እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ብዙ የሚነፋው ድሮም የበለጠ የታመመው ነው ይለኛል፤ ልክ ነው፤ ጥናቱ ብቻውን ፓፉ ገደለ አያሰኝም። ቢያንስ ግን ሰማያዊው ፓፍ ብቻውን ጠባቂ አለመሆኑን ያሳያል። ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ማሳሰቡም ከዚህ ጋር ይስማማል። እኛ ዘንድ ያለው ልማድ የዚህ ግልባጭ ነው። በአዲስ አበባ ትልቅ የሪፈራል ሆስፒታል በክትትል ላይ ባሉ የአስም ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስማቸው በቁጥጥር ሥር አለመዋሉን አሳይቷል፤ ክትትል የሌለው የገጠር ሰው ምን ላይ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ ፓፍ የመጨረሻው መድኃኒት ነው የሚለውን ወሬ በአጭሩ ልለፈው፤ ሐሰት ነው። እንዲያውም ተቃራኒው ይቀርባል፤ ያው መድኃኒት በክኒን ሲዋጥ በደም ዞሮ መላ ሰውነትን ስለሚነካ መጠኑ ይበዛል፣ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። በፓፍ ሲሳብ በትንሽ መጠን በቀጥታ ቦታው ላይ ይደርሳል። ስቴሮይዱንም ከሳቡ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ነገር ይከላከላል። የገንዘቡና የአቅርቦቱ ችግር ግን ወሬ አይደለም። ማስታገሻው ሰማያዊ ፓፍ በየፋርማሲው ሲገኝ መከላከያው የስቴሮይድ ፓፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ለገበሬ ኪስ ከባድ ነው። ይህ የታካሚው ጥፋት ሳይሆን የጤና ሥርዓቱ ዕዳ ነው፤ የወረዳና የዞን ጤና ኃላፊዎች ከማስታገሻው እኩል መከላከያውን እንዲያቀርቡ መጠየቅ ያለበት ሕዝቡ ነው። በእጃችን ያለውን በአግባቡ መጠቀም ደግሞ ዛሬውኑ ይቻላል። ትንሽ ልጅ ፓፍን በቀጥታ ከአፉ ደግኖ መሳብ አይችልም፤ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ይባክናል። በደቡብ አፍሪካ በ1999 የታተመ ጥናት ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እኛ ሃይላንድ የምንለው፣ መቀመጫው በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው በደንብ ሲታሸግ፣ በውድ ከሚገዛው የመሳቢያ ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አረጋግጧል። አንድ ጊዜ ይነፋበታል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ አስፈላጊ ከሆነ ይደገማል። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ፓፉን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የማቀርበው ክርክር ያልተዘጋ መሆኑን ሳልናገር አልወርድም። የሳውዝሃምፕተኑ ጥናት 48 ሰዎችን፣ ያውም ቀላል አስም ያለባቸውን፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው ያየው፤ የጅማቱ ንጣፍ መወፈር ከዓመታት በኋላ ትንፋሽን በምን ያህል እንደሚቀንስ አልለካም። የለንደኑ በዋናነት የአይጥ ነው።  ቢሆንም በማሽኑ ላይ፣ በሳህኑ ላይ፣ በአይጡ ላይ፣ በሰው ቧንቧ ላይ የተገኙት ማስረጃዎች በየራሳቸው መንገድ መጥተው አንድ ቦታ ሲገናኙ፣ ሁሉንም በአጋጣሚ ነው ብሎ መተው ከመቀበሉ የበለጠ ማስረጃ ይጠይቃል። የሚከተለውም እርምጃ ክርክሩ ቢሸነፍ እንኳ ማንንም አይጎዳም፤ መከላከያው ፓፍ በመቆጣት በኩልም ቢሆን ይሠራልና።

ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ሰማያዊውን ፓፍ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚፈልግ፣ ወይም ሌሊት ታፍኖ የሚነቃ፣ ወይም በውቂያና በበርበሬ ወራት በተደጋጋሚ የሚያዝ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ዛሬ ደኅና ተነፈሰ ብላችሁ አትተዉት። እስኪታፈን ሳትጠብቁ፣ ደኅና በሆነበት ቀን፣ የሚጠቀመውን መድኃኒት ሁሉ አስይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ መከላከያው ፓፍ ይገባው እንደሆነም ጠይቁ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅተው የታፈነ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ወይም ፓፍ ተነፍቶለት ያልተሻለው ከሆነ ግን ቀጠሮ የለውም፤ በዚያው ሰዓት ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።